ከወገብ ወደ ዳሌ፦ ሰውን የሚይዘው መታጠቂያ አጭር ታሪክ

ማናቸውም የምሕንድስና ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ኃይል በሦስት ነገሮች እንደሚታወቅ ነው፤ ይኸውም በመጠኑ፣ በአቅጣጫውና በሚያርፍበት ነጥብ። ከሦስቱ መካከል መጠኑን እናሰላለን፤ አቅጣጫውን በቀስት እናመለክታለን፤ የሚያርፍበትን ነጥብ ግን ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ራሱ ስለሚነግረን አንጨነቅበትም። ኃይሉ የሚያርፈው በምሰሶ ወይም በድልድይ ላይ ሳይሆን በሰው ገላ ላይ ሲሆን ግን፣ ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደው ይኸው ነጥብ ይሆናል።

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሠመራ የሚጓዝ ሰው፣ ሜዳው የፈለገውን ያህል ባዶ ቢመስለውም ከዓይኑ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰው ያቆመው ከፍታ ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የስልክ ማማ፣ በአዋሽ በኩልም የባቡሩን የኤሌክትሪክ ሽቦ የተሸከመው የብረት ምሰሶ በየተራ ይታያሉ። በእነዚህ ሁሉ ላይ በተራው ወጥቶ የሚሠራ ሰው አለ። ያ ሰው በሚንጠለጠልበት ጊዜ ክብደቱን የሚሸከመው መታጠቂያ ወገቡን ይያዝ ወይስ ዳሌውንና ጭኑን? ይህ ጥያቄ በጨርቅና በዘለበት ላይ የተነሣ ተራ የዕቃ ምርጫ ሊመስል ይችላል። ታሪኩን ስንመረምረው ግን በብዙ ሕይወት ዋጋ የተመለሰ ጥያቄ መሆኑን እንረዳለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የውጭ አገር ድርጊቶች የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን አቆጣጠር በገባበት ሥፍራ ዓ.ም. ተብሎ ተለይቷል።

ወገብ በአነጋገራችን

ቋንቋችን ብርታትን በወገብ ላይ ያኖረዋል። ለሥራ የተዘጋጀውን ሰው «ታጥቆ ተነሣ» እንላለን፤ የደከመውን «ወገቡ ተቆረጠ» እንላለን። ገበሬዋ እናት ከባድ ሥራ ስትጀምር መቀነቷን ጠበቅ ታደርጋለች፤ ወታደሩ ዝናሩን በወገቡ ይታጠቃል፤ አፋሩም ጊሌውን የሚያስረው በዚያው በወገቡ ላይ ነው። ስለዚህ ለሰው መያዣ የሚሆን ማሰሪያ ሲፈለግ ሐሳብ በመጀመሪያ ወደ ወገብ መሄዱ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህም የእኛ ብቻ ልማድ አልነበረም፤ በአውሮፓም በአሜሪካም የሥራ መታጠቂያ ታሪክ የጀመረው በወገብ ቀበቶ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። መቀነት ወገብን ከውጭ ደግፎ ሰውየው በገዛ እግሩ ቆሞ እንዲሠራ ያግዘዋል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ግን እግሩ ነው። ሰው በቀበቶ ሲንጠለጠል የሸክሙ መንገድ ይገለበጣል፤ እግር ሥራውን ይተውና ወገብ የመላውን አካል ክብደት ይረከባል። በወገብ ዙሪያ ደግሞ ከኋላ ካለው ከአከርካሪ በስተቀር ሸክም የሚቀበል አጥንት የለም። ከፊትና ከጎን ያለው ለስላሳ ሆድ ሲሆን፣ ከበላዩ በቀላሉ የሚሰበሩት የታችኞቹ የጎድን አጥንቶች ይገኛሉ። ሸክም ለመሸከም የተፈጠረው ክፍል ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው ዳሌ ነው።

ከበሬው ቀንበር የምናገኘው ትምህርት

ስለ ማሰሪያ በታሪክ የተጻፈው ክርክር የጀመረው በሰው ሳይሆን በከብት ነው። ለፌቭር ዴ ኖኤት የተባለ የፈረንሳይ ጦር መኮንን በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጥንቶቹ ሕዝቦች ፈረስን የሚያስሩት በጉሮሮው ላይ በሚያልፍ ጠፍር ስለ ነበረ እንስሳው በጐተተ ቁጥር እየታነቀ ጉልበቱን በሙሉ ሊያወጣ እንዳልቻለ ጽፎ ነበር። በትከሻው ላይ የሚያርፈው የአንገት ክፈፍ በቻይና ተፈልስፎ በመካከለኛው ዘመን ወደ አውሮፓ ሲደርስ ግን የፈረስ ጉልበት በእርሻና በማጓጓዣ ላይ እንደ ተለቀቀ ተከራከረ። በኋላ ዣን ስፕሩይት የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ የጥንቱን ማሰሪያ በአምሳሉ ሠርቶ በእውነተኛ ፈረሶች ከሞከረ በኋላ፣ በ1977 ባወጣው ጥናት የለፌቭር ድምዳሜ የተጋነነ መሆኑን አሳየ። ስፕሩይት ከባዱን የመታነቅ ክስ ውድቅ ቢያደርገውም ዋናው ነጥብ አልተነካም፤ ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ የእንስሳውን ጉልበት ወይ ይለቀዋል፣ ወይ ያስረዋል።

ይህን የኢትዮጵያ ገበሬ መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል። ቀንበር በበሬው ሻኛ ፊት ያርፋል፤ በሬው የሚገፋው በሻኛውና በትከሻው ነው። በአንገቱ ግራና ቀኝ የሚወርደው ማነቆ ቀንበሩን በቦታው የሚጠብቅ እንጂ ኃይሉን የሚቀበል አይደለም። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀንበሩ ከሻኛው ላይ ተንሸራትቶ ሸክሙ ወደ ማነቆው ከዞረ በሬው ይታነቃል። በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ፣ በአጭሩ ኢልካ፣ በደብረ ዘይትና በደብረ ብርሃን ለአንድ በሬ ብቻ የሚሆን ቀንበር ሲሞክር፣ ለአንድ እንስሳ የሚሆን አዲስ የኃይል ማረፊያ ማበጀት አስፈልጎት ነበር። ያ ቀንበር በገበሬው ዘንድ በሰፊው አልተስፋፋም፤ የማሰሪያ ለውጥ ከስሌት በተጨማሪ የተጠቃሚውን ልማድና የመሬቱን ሁኔታ የሚጠይቅ መሆኑን ግን በደንብ አሳይቷል። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

ነፋስ ሰውን ሲስበው

የወገብና የመቀመጫ መታጠቂያ ጎን ለጎን ቆመው ግልጽ ውድድር የገጠሙት በካይት ላይ ነው። ካይት በነፋስ የሚንሳፈፍና በገመድ የሚያዝ የጨርቅ ክንፍ ነው። በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል መምህር ጆርጅ ፖኮክ በ1826 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበለት በካይት የሚሳብ ሠረገላ ያለ ፈረስ በአውራ ጎዳና ላይ ሮጧል። ሳሙኤል ኮዲ ደግሞ በ1903 በካይት በምትሳብ ጀልባ የእንግሊዝን ወሽመጥ ተሻገረ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ኃይሉን የተቀበለው ሠረገላው ወይም ጀልባው ነበር፤ ሰውየው መሪውን ከመያዝ በቀር ሸክም አልነበረበትም።

ሸክሙ ወደ ሰው ገላ የዞረው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው። በ1970ዎቹ በሸራ የሚነዳ የውሃ ሰሌዳ በተስፋፋበት ጊዜ ክንዳቸው የዛለ ተጫዋቾች ሸራውን በገላቸው መያዝ ጀመሩ፤ በመጀመሪያ በደረት፣ ቀጥሎ በወገብ፣ ከዚያም በመቀመጫ መታጠቂያ ሞከሩ። በ1984 የፈረንሳይ ወንድማማቾች ለጌኙ በአየር የሚነፋ ካይት የባለቤትነት መብት ጠየቁ፤ በ1990 ገደማ ደግሞ በኒውዚላንድ ፒተር ሊን በካይት የሚሳብ ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ ለገበያ አቀረበ። ባለ አራት ጎማ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በካይት ደረቅ ሜዳ ለሜዳ መሮጥ ከእነዚህ ሁሉ ተወልዶ የመጣ ጨዋታ ነው። የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ሰፊና ጠንካራ ሜዳ፣ እንቅፋት የሌለበት መሬትና የማያቋርጥ ነፋስ። ከጋላፊ ድንበር ማዶ በጅቡቲ ያለው የግራንድ ባራ ደረቅ የሸክላ ሜዳ በሸራ ለሚነዱ ባለ ጎማ ጋሪዎች የታወቀ መሆኑ፣ የአፋር ቆላ መልክዓ ምድር ለዚህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አለመሆኑን ያመለክታል።

የሁለቱ መታጠቂያዎች ልዩነት በቀላል ስሌት ይታያል። ካይቱ በ500 ኒውተን ኃይል፣ ከመሬት በ30 ዲግሪ አቅጣጫ ይስባል እንበል። ወደ ጎን የሚስበው ክፍል 433 ኒውተን ያህል ነው። የወገብ መታጠቂያ መንጠቆ ከእግር በ1.10 ሜትር፣ የመቀመጫው በ0.95 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ የ15 ሳንቲ ሜትሩ ልዩነት ሰውየውን ለመጣል የሚሞክረውን የማዞር ኃይል በ65 ኒውተን ሜትር ያህል ይለውጠዋል። 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ይህን ለማካካስ ክብደቱን ወደ ኋላ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨማሪ ማዘንበል አለበት። ስለዚህ ጀማሪ ዝቅ ባለው በመቀመጫው መታጠቂያ ላይ ይረጋጋል። ካይቱ ከራስ በላይ ሲወጣ ልዩነቱ ይብሳል፤ ኃይሉ ወደ ላይ ሲዞር የወገቡ ቀበቶ የሚያስቀረው ነገር ስለሌለ ወደ ጎድን አጥንት ይንሸራተታል፤ የመቀመጫው ግን በጭን ማሰሪያዎቹ ስለሚያዝ ከዳሌ ላይ አይነሣም።

የወገቡም መታጠቂያ ያለ ምክንያት አልተወደደም። ዳሌንና እግርን ነጻ ያደርጋል፤ ለመዞርና ለመዝለል ይመቻል፤ ጀርባንም ይደግፋል። ልምድ ያለው ተጫዋች ካይቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዘው ቀበቶው ብዙም አይንሸራተትበትም። ይህን ማመዛዘን ለማንበብ የሚቀል ቢመስልም አንድ አስፈላጊ ነገር ተደብቆበታል፤ ውሃ ላይ የወደቀ ሰው ውሃው ይቀበለዋል፤ ጠንካራ መሬት ላይ የወደቀውን ግን ካይቱ በመሬት ላይ ይጎትተዋል። በስበት ማዕከሉ በላይ የሚሳብ ሰው ወደ ፊት ይደፋል፤ ዝቅ ብሎ የሚሳብ ግን በመቀመጫው የመቆየት ዕድል አለው። ለዚህም ነው ማናቸውም መታጠቂያ ቢመረጥ በአንድ እጅ ገፍቶ ካይቱን የሚለቅ መፍቻ ሊኖረው የሚገባው። ይህ መፍቻ በ2020 የራሱ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል።

ገመድና ገደል

በጨዋታ ውስጥ የተገኘው ይህ ዕውቀት በሌላ አቅጣጫ አስቀድሞ በሞት ተገኝቶ ነበር። የአልፕስ ተራራ ወጪዎች እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ገመዱን በወገባቸው ዙሪያ ቋጥረው ይወጡ ነበር። ገመዱ ከመውደቅ ያድናቸዋል፤ ነገር ግን ወድቀው ግድግዳውን መርገጥ ሳይችሉ በአየር ላይ ከተንጠለጠሉ ሌላ አደጋ ይጀምራል። ገመዱ ወደ ላይ ተንሸራትቶ ሆድንና የታችኛውን ደረት ይጨምቃል፤ ሳንባን የሚያሠራው ድያፍራም ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል፤ ደምም በተንጠለጠለው እግር ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ከውድቀቱ ተርፎ በመንጠልጠሉ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። በ1972 በኦስትሪያ ኢንስብሩክ ከተማ የተሰበሰቡት የተራራ ነፍስ አድን ሐኪሞች ይህንኑ ጉዳይ አንሥተው ተወያይተውበታል።

የዕቃ ሠሪዎች መልስ ከዚያ ጥቂት ቀድሞ ነበር። ለ1970ው የአናፑርና ደቡባዊ ግድግዳ ጉዞ የእንግሊዙ ተራራ ወጪ ዶን ዊላንስ ከትሮል ኩባንያ ጋር ሆኖ የጭን ማሰሪያ ያለው የመቀመጫ መታጠቂያ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ወገብ ላይ ብቻ የሚቋጠረው ገመድ ከተራራ ወጪዎች ዘንድ እየጠፋ ሄደ።

የፓራሹትም ታሪክ ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ በተለይም ለማኅበራችን አባላት የሚጥም አንድ ስም ስላለበት ሳይጠቀስ አይታለፍም። ኤቨራርድ ካልትሮፕ በሕንድ አገር የባርሲን ቀላል ባቡር ሐዲድ ያቋቋመ የባቡር መሐንዲስ ነበረ። ወዳጁ ቻርልስ ሮልስ በ1910 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ ፊቱን ወደ ፓራሹት አዞረ፤ የሠራውም ፓራሹት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አገልግሎት ላይ ውሏል። የሐዲድ መሐንዲስ ክብደትን በብዙ እንጨት ላይ እያከፋፈለ መሬት ማሳረፍን የዕለት ሥራው ያደረገ ነው። የፓራሹት መታጠቂያም ያንኑ መርሕ ይከተላል፤ የመክፈቻውን ድንገተኛ ምት በጭን፣ በዳሌና በትከሻ አከፋፍሎ ይወስደዋል።

ቀበቶ በምሰሶ ላይ

አሁን ወደ ሥራችን ሜዳ እንመለስ። የምሰሶ ሠራተኛ የወገብ ቀበቶ ሲታጠቅ የቆየው በሞኝነት አልነበረም። ሠራተኛው እግሩን በምሰሶው ላይ በባለ ጥርስ የእግር ብረት ተክሎ፣ ማሰሪያውን ምሰሶውን አዙሮ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ትልቁ ክፍል በእግሩ በኩል ወደ ምሰሶው ይሄዳል፣ የተረፈው አግድም ኃይል በቀበቶው በኩል በዳሌው ጀርባ ላይ ያርፋል። ይህ ሥራ ላይ መደገፍ ይባላል፤ ቀበቶ ለዚህ በሚገባ የተሠራ መሣሪያ ነው። ስሕተቱ የጀመረው ይኸው ቀበቶ ሌላ ሥራ በተሰጠው ጊዜ፣ ይኸውም የሚወድቀውን ሰው ያስቁም በተባለ ጊዜ ነው።

መውደቅ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስነሣ እናስላ። ሠራተኛው ከነመሣሪያው 100 ኪሎ ግራም ይመዝን፤ 1.8 ሜትር በነጻ ወድቆ ብዙ በማይሳብ ገመድ 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይቁም። አማካዩ የማቆሚያ ኃይል 9.8 ኪሎ ኒውተን ያህል፣ ማለትም የክብደቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ያው ሰው ተሰፍቶ የሚተረተር ኃይል መጣጭ ያለው ማሰሪያ ታጥቆ በ1 ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካዩ ኃይል ወደ 2.7 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ለሙሉ የአካል መታጠቂያ የፈቀደው ከፍተኛ ኃይል 8 ኪሎ ኒውተን ሲሆን፣ ለወገብ ቀበቶ የፈቀደው የዚያን ግማሽ፣ 4 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነበር። በኋላም ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 1998 ጀምሮ የወገብ ቀበቶ በግንባታ ሥራ ላይ ውድቀትን ለማስቆም እንዳያገለግል ፈጽሞ ከለከለ። ለመደገፊያነት ግን አላገደውም፤ ነጻ ውድቀቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዳይበልጥ አድርጎ ፈቅዶታል።

በ1987 በአሜሪካ የአየር ኃይል የምርምር ተቋም በተደረገ ሙከራ ፈቃደኞች በሦስት ዓይነት መታጠቂያ ያለ እንቅስቃሴ ተንጠለጠሉ። በወገብ ቀበቶ የቻሉት በአማካይ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ነው፤ በደረት መታጠቂያ 6 ደቂቃ ያህል፤ በሙሉ የአካል መታጠቂያ 14 ደቂቃ ያህል ቆዩ። እነዚህ ጤነኞችና ያልወደቁ፣ ሐኪም አጠገባቸው የቆመላቸው ሰዎች እንደ ነበሩ ልብ ይሏል።

ጃፓን ለዚሁ ውሳኔ የደረሰችው ዘግይታ ነው። በ2019 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ የመሣሪያውን ሕጋዊ ስም ጭምር ለውጣ፣ ከ6.75 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሰው ሙሉውን የአካል መታጠቂያ ግዴታ አደረገች፤ አሮጌዎቹም መሣሪያዎች ከጃንዩዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ ታገዱ። ከ6.75 ሜትር በታች ግን የወገብ ቀበቶን በሁኔታ ትታዋለች። ምክንያቱም ሊጤን የሚገባው ነው፤ ኃይል መጣጩ እስኪተረተር ድረስ ሠራተኛው ረዘም ያለ መንገድ ስለሚወርድ፣ ዝቅተኛ ምሰሶ ላይ መሬቱ ቀድሞ ሊቀበለው ይችላል።

በመኪና ውስጥም ታሪኩ አንድ ነው። በሆድ ላይ ብቻ የሚያልፈው ቀበቶ በግጭት ጊዜ የሆድ ዕቃን መጉዳቱ ስለ ታወቀ፣ ቀድሞ በአውሮፕላን መወርወሪያ ወንበር ላይ የሠራው የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 ባለ ሦስት ነጥቡን ቀበቶ አወጣ። የታችኛው ክፍል በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ፣ የላይኛው በደረት አጥንትና በትከሻ በኩል እንዲያልፍ አደረገው። በአዋሽና በሚሌ መንገድ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሾፌር ቀበቶውን ከሆዱ ዝቅ አድርጎ በዳሌው ላይ ካላሳረፈው የቦሊንን ፈጠራ ወደ ቀድሞው ስሕተት መለሰው ማለት ነው።

ከአዋሽ እስከ ሠመራ

የአዋሽ ሸለቆ ምሰሶ የማቆም ታሪክ ረጅም ነው። በ1897 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዋሽን ተሻግሮ አልፏል። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ኃይል ማመንጫ 43.2 ሜጋ ዋት፣ ቀጥለው የመጡት አዋሽ 2ና አዋሽ 3 እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው የወንዙን ውሃ ወደ ብርሃን ለወጡ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሄድ በመሆኑ፣ ቀድሞ በሐዲዱ ላይ ያልነበረ የከፍታ ሥራ ይዞ መጣ። ከአዋሽ ወደ ወልዲያ ሐራ ገበያ የሚዘረጋውም ሐዲድ እንዲሁ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ታቅዶ የተገነባ ነው። በላይኛው ሸለቆ በአዳማ ኮረብታ ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች፣ 34 በመጀመሪያው፣ 102 በሁለተኛው ምዕራፍ፣ የከፍታውን ሥራ ይበልጥ ወደ ላይ አወጡት። ከአሳይታ የክልሉን መዲናነት የተረከበችው ሠመራም በሜዳው ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተገነባች እንደ መሆኗ፣ መስመሯና ማማዋ ሁሉ የቅርብ ዘመን ሥራ ነው።

በዚህ ቆላ ላይ መታጠቂያ መምረጥ በኢንስብሩክ ወይም በቶኪዮ እንደ መምረጥ አይደለም። አራት ነገሮች ልዩ ያደርጉታል።

አንደኛው ሙቀቱ ነው። በሠመራ በበጋ የጥላው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። በትከሻ፣ በደረትና በጭን የሚያልፍ መታጠቂያ ላብን ይይዛል፤ በፀሐይ የዋለ ዘለበት ገላን ያቃጥላል። ሠራተኛው ቀለል ያለውን የወገብ ቀበቶ የሚመርጠው ደንቡን ስለ ናቀ አይደለም፤ ሙቀቱን የሚቋቋምበት ሌላ መንገድ ስላልተሰጠው ነው። የሥራ ሰዓትን ወደ ንጋት ማዛወር፣ ጥላና ውሃ በቦታው ማዘጋጀት ከመታጠቂያው ዋጋ ጋር ተያይዞ የሚታሰብ ወጪ መሆን አለበት።

ሁለተኛው የፀሐይ ጨረር ነው። መታጠቂያው የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ድር ጨረር በመታው ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ጥንካሬውም አብሮ መቀነሱን መጠርጠር ይገባል። በደጋ ላይ ለዓመታት ያገለገለ መታጠቂያ በቆላው ሜዳ ላይ በዚያው ዕድሜ ሊታመን አይገባም። በፒካፕ መኪና ጭነት ላይ ተጥሎ የሚውል መታጠቂያ ሰው ሳይይዝ ያረጃል።

ሦስተኛው አለባበስ ነው። በአካባቢው ለጉልበት ሥራ የሚቀጠር ወጣት ሽርጥ ለብሶ ሊመጣ ይችላል። የጭን ማሰሪያ በሽርጥ ላይ ሊታሰር አይችልም፤ ቢታሰርም በትክክል አይጠብቅም። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ የጭን ማሰሪያው ካልታሰረ ሙሉው መታጠቂያ ተመልሶ የወገብና የደረት ቀበቶ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የሥራ ሱሪ ለዚህ ሥራ ከመታጠቂያው ጋር አብሮ መሰጠት ያለበት የመታጠቂያው አካል ነው። ከኢልካው ቀንበር የተማርነው ትምህርት የሚረዳን እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው የታጣቂውን ልማድና የሚሠራበትን ምድር ካላወቀ በመጋዘን ይቀራል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ርቀቱ ነው። በገዋኔና በሚሌ መካከል ባለ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከከተማ እርዳታ ቢጠራለት፣ 14 ደቂቃ ቀርቶ በሰዓትም ላይደርስለት ይችላል። እንግዲህ ትክክለኛውን መታጠቂያ መግዛት የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የተንጠለጠለውን ሰው ራሱ ቡድኑ የሚያወርድበት ገመድ፣ ይህንንም የተለማመደ ቢያንስ አንድ ሁለተኛ ሰው በቦታው መኖሩ ነው። ተንጠልጣዩ እግሩን አስገብቶ የሚቆምበት ተጣጥፎ የሚያዝ የገመድ ማረፊያ ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ ግን ነፍስ ያተርፋል።

እንዴት እንምረጥ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። ሰው በእግሩ ቆሞ ወደ ኋላ የሚደገፍ ከሆነ የወገብ ቀበቶ ይበቃዋል፤ ይህም በአውሮፓ ደረጃ ቁጥር 358 የተመደበው ነው። ሰው በገመድ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ከሆነ የመቀመጫ መታጠቂያ ያስፈልገዋል፤ ቁጥሩ 813 ነው። ሰው ሊወድቅ የሚችል ከሆነ ግን ሙሉው የአካል መታጠቂያ ግድ ነው፤ ቁጥሩ 361 ነው። ለምሰሶ ሠራተኛ ሁለቱ፣ ማለትም ሙሉው መታጠቂያና የመደገፊያው ቀበቶ፣ በአንድ ላይ ተሰፍተው ይገኛሉ። ዝቅ ያለ ምሰሶ ከሆነ ደግሞ ከመታጠቂያው አስቀድሞ የሚለካው ከሠራተኛው እግር በታች ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ደንቡ አጭር ሲሆን የሚሰናከለው በቃላችን ላይ ነው። በሥራ ቦታ ሦስቱም «ሴፍቲ ቤልት» ይባላሉ። የግዢ ሰነድ አዘጋጅ «የደህንነት ቀበቶ፣ ብዛት 40» ብሎ ሲጽፍ፣ አቅራቢው በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፈው የወገብ ቀበቶ አቅርቦ ነው፤ ሕጋዊ ክስም ሊቀርብበት አይችልም፤ የተጠየቀውን አቅርቧልና። ጃፓን የመሣሪያውን ስም በሕግ መለወጥ ያስፈለጋት ያለ ምክንያት አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምር ያዝዛል፤ ኢትዮጵያም የሥራ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን በ1991 አጽድቃለች። ነገር ግን አዋጁ መሣሪያው ይቅረብ ይላል እንጂ ኃይሉ በየትኛው አጥንት ላይ ይረፍ ብሎ ሊዘረዝር አይችልም። ያን መዘርዘር የባለሙያው ሥራ ነው። መሐንዲሱ በሰነዱ ላይ የደረጃውን ቁጥር፣ የኃይል መጣጩን ዓይነት፣ የመጠኑን ልክና የሚወገድበትን ጊዜ በጽሑፍ ካላሰፈረ ምርጫውን ለሻጩ ተወው ማለት ነው።

ድልድይ ስንሠራ ሸክሙ ከየት ተነሥቶ በየት አልፎ የት እንደሚያርፍ ሳንጽፍ ፊርማችንን አናኖርም። በምሰሶ ላይ የሚወጣውም ሰው ሸክም የሚተላለፍበት አካል ነውና፣ ከገመዱ እስከ ዳሌው አጥንት ድረስ ያለው መንገድ በዚያው ጥንቃቄ ሊሣልና ሊፈረምበት ይገባል።